ለሀላል ሥጋ የሚሆን ዶሮ በትንሽ ቦታ እንዴት ይረባል?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ከሱዳን ትላልቅ የዶሮ እርባታዎች አብዛኞቹ በከተማዋ ዙሪያ ነበሩ። ከዚያ በኋላ መኖ ጠፋ፣ መብራት ተቋረጠ፣ ብዙዎቹም ተዘረፉ። ዴም ሰፈር ይኖሩ የነበሩ ብዙ ወገኖቻችንም ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ ተበትነዋል። አሁን በካምፕም ሆነ በከተማ ዳር አምስት ስድስት ዶሮ ይዞ መጀመር ለሚያስብ ሰው ትልቁ ጥያቄ፣ ሙስሊሙ ጎረቤት ዶሮዋን አምኖ ይገዛል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ የሚጀምረው ከአያያዟ ነው።

የትኛዋ ዶሮ ትሻላለች?

ነጩ የፈረንጅ ዶሮ በ6 ሳምንት ገደማ ለሥጋ ይደርሳል። ግን የፋብሪካ መኖ ይፈልጋል፣ ሙቀትም አይችልም። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ካርቱም ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ቶሎ ያልቃል። የሀገር ዶሮ፣ ሱዳኖቹ ጅዳድ በለዲ የሚሏት፣ ለመድረስ 5 ወይም 6 ወር ይፈጅባታል። ሆኖም ሙቀቱን ትችላለች፣ ጭራ ትበላለች፣ ራሷ ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። ለእኛ ኑሮ የምትሆነው እሷ ናት።

ምግብና ማደሪያ

ካርቱም ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ለምለም የሚገኘው እንደ ቱቲ ደሴት ባሉ የወንዝ ዳርቻዎች ነው። ሌላው ቦታ ከዝናቡ ወራት በቀር ደረቅ ስለሆነ፣ የተለቀቀች ዶሮ በጭሮሽ ብቻ አትጠግብም። ማታ ማታ ለአንዷ አንድ እፍኝ ማሽላ (ዱራ)፣ ከተገኘም ትንሽ ፋጉሎ፣ እዚህ ኡምባዝ የሚባለውን፣ ጨምሩላት። በእስር የሚሸጠው በርሲም ሣሩን ይተካል። ጥላና ንጹህ ውሃ ቀኑን ሙሉ አይለያት።

ከእንጨትና ከሽቦ ወለል የሌለው ቀላል ቤት ሠርታችሁ በየቀኑ ቦታ ብታዛውሩት ኩሱ አይከማችም፣ ጭልፊትም አይነጥቃትም። ሌሊት ግን ድመትና ሽለምጥማጥ በማይገባበት ዝጉባት። ከመጀመራችሁ በፊት የካምፑን አስተዳደር ማስፈቀድም አትርሱ።

ፈንግል

ፈንግል ከገባ መንደሩን ሙሉ ይጨርሳል፣ መድኃኒትም የለውም። መከላከያው ክትባት ብቻ ነው፤ በእንስሳት ሐኪም ምክር በየ3 ወይም 4 ወሩ ይደገማል። በውሃ የሚሰጥ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የካምፕ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪን ደግሞ ክትባቱን ይገድለዋል። ክሎሪን የሌለው የጉድጓድ ውሃ ተጠቀሙ፤ ከሌለ በዓይን ጠብታ የሚሰጠውን ጠይቁ። ክትባቱ እስኪሰጥ ድረስ ከቅዝቃዜ አይውጣ።

ሀላል የሚያደርጋት ምንድነው?

ቆሻሻና ሰገራ የምትለቅም ዶሮ በሸሪዓው ጀላላ ትባላለች። መጸዳጃ ቤት በተጨናነቀበት ካምፕ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሰሓባው ዓብዱላህ ኢብን ዑመር እንደተዘገበው እንዲህ ያለችን ዶሮ 3 ቀን ዘግቶ ንጹህ ምግብ እየሰጡ ማቆየት ይገባል። ገዢው ሳይጠይቃችሁ ይህን እንዳደረጋችሁ ብትነግሩት ደንበኛችሁ ይሆናል። መድኃኒት የወሰደች ከሆነም በዕቃው ላይ የተጻፈው የመታገሻ ቀን ይለቅ።

ስትታረድ በሕይወት መኖር አለባት፤ የሞተች በክት ናት። አራጁ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብሎ በተሳለ ቢላዋ የአየር ቧንቧውን፣ ጉሮሮውንና ሁለቱን የደም ሥሮች ይቆርጣል። ደሙ ወርዶ ካላለቀና መንፈራገጧን ካላቆመች የፈላ ውሃ ውስጥ አትግባ። ሌላ ዶሮ እያየች፣ ወይም ቢላዋ ፊቷ እየተሳለም አይሁን።

አርቢው ክርስቲያን ቢሆንስ? ብዙ ዑለማዎች የመጽሐፍ ሰዎች ያረዱትን ቢፈቅዱም፣ በእኛ አገር ልማድ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ ከነሕይወቷ ሽጡና ገዢው ራሱ ይረዳት፤ ወይም ሙስሊም ጎረቤት ጠርታችሁ አሳርዱ። ማን እንዳረዳት መደበቅ ግን አንድ ቀን ቢታወቅ ገበያውንም ጉርብትናውንም ያበላሻል።

መቼ እንጀምር?

ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በለዲ ዶሮ 6 ወር ስለምትፈልግ፣ ለረመዳንና ለዒድ ገበያ ጫጩቶቹ ከግማሽ ዓመት በፊት መፈልፈል አለባቸው። ለፋሲካም ስሌቱ ያው ነው።