ውኃ ስለ ገባበት ቤትና ስለ ሻጋታ

በመንዝና በግሼ፣ በመርሐ ቤቴም ደጋ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ቀንና ሌሊት ሲወርድ፣ የሚያፈስ ጣራ ያለው ሰው ዕንቅልፍ አያገኝም። ገንቦና ድስት ቢደረድርም ጠብታው ሌላ መውረጃ አያጣም። ዝናቡ ሲያባራ ባለቤቱ ቀዳዳውን ደፍኖ ያርፋል፤ ዳሩ ግን እርጥበቱ ከግድግዳው፣ ከመደቡና ከቁርበቱ ገብቶ ተደብቋልና ዋናው ጉዳት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

የሻጋታ ዘር በዓይን የማይታይ ረቂቅ ሆኖ ከነፋስ ጋር ሁልጊዜ ይመላለሳል፤ የሌለበት ቤት የለም። ለመብቀል የሚፈልገው ምግብና እርጥበት ነው። ምግቡም ጭድ፣ እንጨት፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ አቧራም ሳይቀር ይሆንለታል። ስለዚህ ሰው ሊከለክለው የሚችለው እርጥበቱን ነው፤ ለዚህም ያለው ጊዜ አጭር ነው። የረጠበ ዕቃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ከደረቀ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ አይዘውም። የደጋው ብርድ ሻጋታን የሚገድለው የሚመስላቸው አሉ፤ ብርዱ ግን ዕድገቱን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም፤ ዕቃው እንዳይደርቅም ስለሚያደርግ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያነሰ ነው።

የቀድሞው የመንዝ ቤት ግድግዳው በድንጋይ ተክቦ፣ ጣራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጠው ምድር በሚታጨደው የጓሳ ሣር የተከደነ ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። የምድጃው ጢስ በሣሩ መካከል እያለፈ ክዳኑን ያደርቀው ነበር። (በዓይንና በሳንባ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ለብቻው የሚነገር ነው።) ዛሬ ብዙው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ቆርቆሮ ዝናብን አጥብቆ ይከለክላል፤ ነገር ግን ሌሊት ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ የሰው እስትንፋስና የድስት እንፋሎት ሲነካው ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ብዙ ባለቤትም ይህ ፍሳሽ እየመሰለው የምስማሩን ቀዳዳ ሁሉ ሲደፍን ይከርማል። ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ጣራው ከውስጥ ረጥቦ ከተገኘ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ መድኃኒቱም ከጣራው ሥር የነፋስ መውጫ መተውና ኮርኒስ ማበጀት ነው።

ግድግዳውን በተመለከተ፣ በጭቃና በጭድ የተመረገው ክፍል ሻጋታ ከያዘው በላዩ ቀለም መቀባት በሽታን መሸፈን ነው። በረኪናም በድንጋይና በብርጭቆ ላይ ይሠራል እንጂ ወደ ምርጊቱ ውስጥ ዘልቆ ሥሩን አይነቅልም፤ ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለም ትንፋሹ መርዝ ነው። የሻገተው ምርጊት አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ ተፍቆ መጣል፣ ግድግዳው ደርቆ እንደ ገና መመረግ፣ በኖራም መቀባት ይገባዋል። ቤቱን ለማሳመር ሲባል የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ የሚለስኑ ሰዎች ግን ይሳሳታሉ፤ ሲሚንቶው ውኃውን በውስጥ አፍኖ ያስቀረዋልና። ከቤቱ ጀርባ ጎርፉን የሚመልስ ቦይ መቆፈር ከልስኑ ሁሉ ይበልጣል።

ቤቱን ለማድረቅ በርና መስኮት የሚከፈተው ጉሙ ተገፎ ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት ነው። ሌሊት በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት ግን ቤተ ሰብን በአንድ ሌሊት የሚያጠፋ አደጋ ነው። በጎታ ያለ ገብስ ውኃ ከነካው ወዲያው ወጥቶ መሰጣት አለበት፤ የሻገተውን ለጠላ ማድረግ አይገባም፤ አንዳንዱ የሻጋታ መርዝ በእሳት አይጠፋምና።

ይልቁንም የሚያሳዝነው የመጻሕፍት ነገር ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር ከሸዋ አድባራትና ገዳማት እጅግ ብዙ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ፊልሙ ግን ቃሉን አተረፈ እንጂ ብራናውን አላተረፈም። ብራና ቆዳ ነውና ሲረጥብ ያብጣል፣ በፀሐይ ወይም በእሳት ዳር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እጅግ ከሞቀም ወደ ሙጫነት ይለወጣል። በጥላሸት የተዘጋጀው ጥቁር ቀለምም ውኃ ሲያገኘው ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ውኃ የነካው መጽሐፍ ከማኅደሩ ወጥቶ፣ ነፋስ በሚመላለስበት ጥላ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ መቀመጥ አለበት፤ የተጣበቀው ቅጠል በግድ አይላቀቅም፤ ጨርቁም በረጠበ ቁጥር ይለወጣል። ማኅደሩ ራሱ ካልደረቀ መጽሐፉ ወደ ውስጡ አይመለስ። ደረቅ ሻጋታ የሚጠረገው ከዕቃ ቤቱ ውጭ፣ በለስላሳ ብሩሽ ነው። መጻሕፍቱ ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቀው፣ ከወለልም ከፍ ብለው ቢቀመጡ ግማሹ ሥራ አስቀድሞ ተሠርቷል።

ለወረዳው ሹማምንትም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ወዲህ ለገበሬው የተሰጠው የመሬት ደብተር በየቤቱ ሳጥን ውስጥ፣ መዝገቡም በየጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ ይገኛል፤ ሁለቱም ወረቀት ናቸው፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ከቀዝቃዛ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ይከርማሉ። መደርደሪያውን ከግድግዳ ለማራቅ በጀት አያስፈልግም፤ ክረምቱ ሳይገባ በሰኔ መጀመሪያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።