የመካከለኛ ደረጃ ተማሪን ስለ መርዳት፤ የአማካሪና የወላጅ ድርሻ

ከ12 እስከ 15 ዓመት ያለው ዕድሜ ለተማሪ አስቸጋሪ ጊዜ ነው። ልጁ ሕፃንነቱን ትቷል፤ ጕልማሳነትን ግን ገና አልያዘም። ቀድሞ የወላጁ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር፤ አሁን ግን የባልንጀሮቹን አስተያየት አብልጦ መመልከት ይጀምራል። ትምህርቱም በዚሁ ጊዜ ይከብድበታል፤ በአንድ መምህር ፈንታ ለየትምህርቱ ልዩ ልዩ መምህራን ይገጥሙታል። ስለዚህ ብዙ አገሮች ይህን ዕድሜ ራሱን የቻለ የትምህርት ደረጃ አድርገውታል። በአገራችን 7ኛና 8ኛ ክፍል በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ ነበር፤ ዛሬ መካከለኛ ደረጃ ይባላሉ። በሳዑዲ ዐረቢያ ደግሞ ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ያሉት ሦስት ዓመታት «ሙተወሲጥ» ይባላሉ፤ ትርጓሜውም መካከለኛ ማለት ነው።

አማካሪ ማለት ምን ማለት ነው? እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ ሰው በቦስተን ከተማ ወጣቶችን ስለ ሥራ ምርጫ የሚመክር ቢሮ ከፈተ፤ የትምህርት ቤት ምክርም ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄደ። የአማካሪው ሥራ ቅጣት አይደለም። አንደኛ፥ የተማሪውን ችግር በጥሞና ይሰማል፤ ምሥጢሩንም ይጠብቃል፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ያገኘ እንደ ሆነ ግን ለሚመለከታቸው ያስታውቃል። ሁለተኛ፥ ውጤቱ ለምን እንደ ቀነሰ ከመምህራኑ ጋር ይመረምራል። ሦስተኛ፥ ስለ ወደ ፊት ትምህርቱ መንገድ ያሳየዋል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ እንዲመደብ ይመክራል፤ ከዚህ የበዛ እንደ ሆነ እያንዳንዱን ማወቅ ይቸግራልና።

የወላጅ ድርሻስ? ብዙ ወላጅ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ የቤት ሥራውን መሥራት ዋናው እርዳታ ይመስለዋል። ነገር ግን ናንሲ ሂልና ዳያና ታይሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. በዚህ ደረጃ ባሉ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ 50 ጥናቶችን አመዛዝነው ሌላ ነገር አገኙ። የቤት ሥራን ማገዝ ከመልካም ውጤት ጋር ሳይያያዝ ቀረ፤ ከሁሉ ይልቅ ከመልካም ውጤት ጋር የተያያዘው ወላጁ የትምህርትን ጥቅም ለልጁ መግለጡ፥ ከእርሱ ምን እንደሚጠብቅ መንገሩና ስለ ወደ ፊቱ አብሮት ማሰቡ ነው። ይህም መጽሐፍ ላልተማረ ወላጅ ታላቅ ተስፋ ነው፤ አልጀብራን የማያውቅ አባት ልጁን «ለምን ትማራለህ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መስማት ይችላልና።

ይህን ነገር በሪያድ ከተማ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ኑሮ ጋር ብናስተያየው ይበልጥ ይገለጥልናል። ዲራ የከተማይቱ ጥንታዊ እምብርት ነው፤ የመስመክ ምሽግና የዘል ገበያ በዚያ ይገኛሉ። በዚያና በዙሪያው ባሉት ሰፈሮች ልጁን በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ትምህርቱ በዐረብኛ መሆኑን ያውቃል። የወንዶችና የሴቶች ትምህርት ቤት የተለያየ ነው፤ የወንዶቹ አማካሪ «ሙርሺድ»፥ የሴቶቹ «ሙርሺዳ» ይባላሉ። ወላጅ ዐረብኛ ያልቻለ እንደ ሆነ ልጁ በገዛ ጕዳዩ አስተርጓሚ ይሆናል። ከዚህ የሚከፋ ነገር የለም። ልጁ ያፈረበትን ነገር ያስቀራል፤ ወላጁ ግማሹን ብቻ ይሰማል፤ አማካሪውም ቤተሰቡ ያልተጨነቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ቋንቋውን የሚያውቅ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይዞ መሄድ ይገባል። «ኑር» በተባለውም የመንግሥት የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የልጁን ውጤት መመልከት ይቻላል።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በዐረብኛ ሲማር ቆይቶ ድንገት የሚመለስ ልጅ ትምህርቱን በሌላ ቋንቋ ይጀምራል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነውና። በሪያድና በጂዳ ያሉ ወገኖች የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶችን ያቋቋሙበት ምክንያት አንዱ ይህን የመሰለ አሳብ እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። ወላጅ የመመለስ አሳብ ያለው እንደ ሆነ ለአማካሪው አስቀድሞ ይንገረው፤ የውጤት ማስረጃውን በየዓመቱ ያስቀምጥ፤ አማርኛ ማንበብና መጻፍንም በቤት አያስተጓጕል። ከሁሉ በፊት ግን ነገሩን ለልጁ ራሱ ይግለጥለት፤ ያልተነገረው ልጅ በመጣበት ነገር ይደነግጣልና።

ከአንባብያን መካከል ነገ በየደብሩ ልጆችን የሚያስተምሩ አሉ፤ ለበዓል ከመጡትም ብዙዎቹ ወላጆች ናቸው። ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ዝም ያለ እንደ ሆነ ጠባዩ ነው ብላችሁ አትለፉት። በቤትና በትምህርት ቤት መካከል የሚመላለሰውን ወሬ እርሱ ብቻውን እንዲሸከም አይገባም፤ ታላላቆቹ እርስ በርሳቸው ይገናኙ፤ ከዚያም ከእርሱ ጋር ይነጋገሩ።