የምሰሶው ልብስ



ከተማሪዎቼ አንዱ አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮ መጣ። እናቱ ለእህቱ ኒካሕ ሳሎኑን ሲያሰናዱ የመካከሉን ምሰሶ በአበባማ ጨርቅ አልብሰውት ነበር። ልጁ ከደርስ ሲመለስ ይህን አየና የተማረውን ሐዲስ ጠቅሶ፣ በእንግዶች ፊት ጨርቁን ቀዶ አወረደው። እናት አለቀሱ። ልጁ ግን «ኡስታዝ፣ ሱናን በጠበቅኩ ለምን እወቀሳለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የብዙ ቤቶች ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ለሁላችንም ላካፍል።

ሐዲሱ እውነት ነው። ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዘመቻ ሲመለሱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በራቸውን በጨርቅ ሸፍነው አገኟቸው። ነቢዩ ጨርቁን ስበው ቀደዱት፤ አላህም ድንጋይና ጭቃ እንድናለብስ እንዳላዘዘን አስተማሩ። ተማሪዬ እዚህ ላይ አቆመ። ሐዲሱ ግን ይቀጥላል። ዓኢሻ ከዚያው ጨርቅ ሁለት ትራስ ሰፍተው የተምር ዛፍ ቃጫ ሞሉባቸው፤ ነቢዩም በዚህ አልነቀፏቸውም። ጨርቁ ከበር ወርዶ ለሰው ጥቅም ዋለ እንጂ አልተጣለም።

በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም ነወዊ ይህን ሐዲስ ሲያብራሩ፣ ግድግዳን በጨርቅ ማልበስ መክሩህ እንጂ ሐራም አይደለም የሚለውን አቋም ትክክለኛው ነው ብለዋል። ሐራም ነው ያሉ ዓሊምም አሉ። መክሩህ ማለት ግን «ምንም አይደል» ማለት ሳይሆን መተዉ የሚሻል ማለት ነው።

ሌላም ዘገባ አለ። አቡ አዩብ (ረ.ዐ) በአብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ቤት ተጋብዘው ሲሄዱ ግድግዳው በመጋረጃ ተሸፍኖ አዩ። ኢብኑ ዑመር ሴቶች አሸንፈውን ነው ብለው ቢመልሱም፣ እንግዳው ምግቡን ሳይቀምሱ ተመለሱ። ወጣቶች ሆይ፣ ልብ በሉ! ነቢዩ የቀደዱት በገዛ ቤታቸው ነበር። አቡ አዩብ ግን በሰው ቤት ስለነበሩ ተመለሱ እንጂ አልቀደዱም። ቁርኣን ወላጆችን «ኡፍ» ማለትን እንኳ ሲከለክል፣ በእንግዳ ፊት እናትን ማሳፈር እንዴት ሱና ይሆናል?

እንግዲህ ምሰሶን ማስዋብ ለሚሹ ቤተሰቦች ጥቂት ምክር እነሆ።

በመጀመሪያ ወጪውን አስሉ። ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 2.80 ሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ምሰሶ ዙሪያው 1.20 ሜትር ነው። ወርዱ 1.50 ሜትር የሆነ ጨርቅ ለአንዱ ምሰሶ 3 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ ለአራት ምሰሶ 12 ሜትር መሆኑ ነው። ምሰሶው ለብሶ የቤቱ ወይም የጎረቤት ልጅ ከበረደው ጌጡ ኢስራፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ያለ ጨርቅም ማሳመር ይቻላል። የሲሚንቶ ምሰሶ በደንብ ከተለሰነና ከግድግዳው ጋር የሚስማማ ቀለም ከተቀባ ይበቃዋል። የእንጨት ምሰሶ ተልጎ ቫርኒሽ ሲቀባ የራሱ መልክ ጌጥ ይሆነዋል። ልጆች እንዳይጋጩበት ሹል ጠርዙን በለስላሳ ነገር መሸፈን ደግሞ ጥንቃቄ እንጂ ጌጥ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የሚሸፍነውን እወቁ። ምስጥ ከመሬት ተነስቶ የአፈር መንገዱን በምሰሶው ላይ ይሠራል፤ እንጨቱ እስከ ታች ከተሸፈነ ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የምሰሶው ግርጌ ሁልጊዜ ይታይ።

አራተኛ፣ የሰውና የእንስሳ ምስል ያለበትን አትስቀሉ። ለቤቱ ጠባቂ ይሆናል በሚል እምነት በምሰሶ ላይ የሚታሰር ነገር ካለ ግን ከጨርቁ ይልቅ እርሱ ያስፈራል። ጠባቂው አላህ ብቻ ነውና።

ተማሪዬ እናቱን ይቅርታ ጠየቀ፤ ጥጥም ገዝቶ ወሰደላቸው። ያ የተቀደደ ጨርቅ ዛሬ ሁለት መከዳ ሆኖ እንግዳ ይደገፍበታል። ምሰሶው ባዶውን ቆሟል፤ እናትና ልጅ ታርቀዋል።

አላህ ቤቶቻችንን በተቅዋና በመተዛዘን ያስጊጥልን። ወላሁ አዕለም።