ከማሠራጫ ኃይል በፊት ሰዓት፦ የአማተር ሬዲዮ ዲጂታል ጣቢያ አደረጃጀት በምዕራብ ጎጃም ገጠር

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች የስልክ አውታር ሲቋረጥ ወይም ሳይደርስ ሲቀር፣ ከኮምፒውተር ጋር የተጣመረ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ያለ ምንም ማማ አጭር መልእክት ሊያደርስ ይችላል። በአገራችን የዘርፉ ዋና መገኛ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ ነው። ይህ ጽሑፍ መሰል ጣቢያ ከኢንተርኔት ርቆ ሲደራጅ ከማሠራጫው ኃይል ይልቅ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወሳኝ የሚሆንበትን ምክንያት ያብራራል።

ጆ ቴይለርና ስቲቨን ፍራንኪ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረጉት ኤፍቲ8 ጊዜን በ15 ሰከንድ ዙር ይከፍላል። በእያንዳንዱ ዙር 77 ቢት መልእክት ከስሕተት ማረሚያ ጋር በ8 ድምፆች ተቀናብሮ ለ12.64 ሰከንድ ይላካል። የሚይዘው ስፋት 50 ኸርዝ ብቻ ነው። በመሆኑም በ2,500 ኸርዝ ውስጥ ካለው ጫጫታ አንድ መቶኛ ያነሰ ኃይል ያለው መልእክት እንኳ ሊነበብ ይችላል።

ሬዲዮውንና ኮምፒውተሩን ሦስት ነገሮች ያገናኛሉ፦ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባ ድምፅ፣ ወደ ሬዲዮው የሚወጣ ድምፅ እና ማሠራጨትን የሚያዝ መስመር። በአዳዲስ ሬዲዮዎች ሦስቱም በአንድ ገመድ ያልፋሉ። ሬዲዮው በላይኛው የጎን ባንድ ላይ ይደረጋል። የሚወጣው ድምፅ የሬዲዮውን ራስ ሰር የኃይል መቆጣጠሪያ እስከማያነቃቃ ድረስ ዝቅ ይላል፤ ካለፈ ምልክቱ ይዛባል። ሥርጭቱ ፋታ ስለሌለው የ100 ዋት ሬዲዮ ከ30 ዋት ባይበልጥ ይመረጣል፤ ይህም በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪን ይቆጥባል።

ዋናው ችግር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሁለቱ ጣቢያዎች ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ሰከንድ ብዙ ካለፈ መልእክቱ አይነበብም። ከተማ ውስጥ ኢንተርኔት ሰዓቱን ሳናስተውል ያስተካክለዋል፤ ገጠር ውስጥ ግን ላፕቶፕ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዚህ በላይ ሊዛነፍ ይችላል። አንዱ መፍትሔ የጂፒኤስ መቀበያ ነው። ሁለተኛው ወጪ የለውም፦ ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ የተባለው ፕሮግራም ከእያንዳንዱ መልእክት አጠገብ ዲቲ የሚባል የሰከንድ ልዩነት ያሳያል። የብዙ ጣቢያዎች ዲቲ ወደ +1.0 ከተጠጋ የራሳችን ሰዓት 1 ሰከንድ ቀድሟል ማለት ነው፤ ያንኑ ያህል ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል። የሰዓት ክልል ስሕተት ንባቡን አያግድም፤ መዝገቡን ግን ያዛባል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ረፋድ 4 ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት 7:00 ነው።

የሞገድ ምርጫም ከቦታው ይነሣል። ከፍኖተ ሰላም እስከ አዲስ አበባ በአየር መስመር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በመካከሉ የዓባይ ሸለቆ አለ። 14.074 ሜጋኸርዝ ብዙ ጊዜ ይህን ርቀት ዘልሎ ሩቅ አገር ይወርዳል። ለአዲስ አበባ በቀን 7.074 ሜጋኸርዝ ይሻላል። 143ን በዚህ ቁጥር ስናካፍል 20.2 ሜትር የአንቴና ሽቦ ይወጣል። ሽቦው መሐሉ ላይ ተቆርጦ ከገመዱ ጋር ይገናኝና በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ከ6 እስከ 8 ሜትር ከፍታ ላይ ይወጠራል። ምልክቱ ሽቅብ ወጥቶ ከአዮኖስፌር በመንጸባረቅ በቅርብ ርቀት ይመለሳል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሁለቱም በኬኬ80 የቦታ መለያ ውስጥ ይገኛሉ።

ኤፍቲ8 ከጥሪ መለያ፣ ከቦታና ከምልክት ጥንካሬ ብዙም የዘለለ መልእክት አይሸከምም፤ ለነጻ ጽሑፍ ጄኤስ8ኮል በዚያው ገመድና በዚያው ሰዓት ይሠራል። ለማሠራጨት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአገሪቱን የሬዲዮ ሞገድ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እስከዚያው ግን በማዳመጥ ብቻ ሰዓቱን ማስተካከልና አንቴናውን መፈተን ይቻላል።