በግቢ ስለምትኖር ኤሊ ጠባይ

ውሻ የከፋው እንደ ሆነ ይጮኻል፤ ድመትም ትቈጣለች። ኤሊ ግን እንዲህ ለማድረግ ስለማትችል ችግርዋ የሚታወቀው በአካሄድዋና በአኳኋንዋ ነው። ስለዚህ በግቢያቸው ኤሊ የሚያኖሩ ቤተ ሰቦች፥ ይልቁንም ልጆቻቸው፥ ጠባይዋን እንዲያስተውሉ ይህን ጥቂት ቃል ጻፍን።

የኤሊን ነገር በትዕግሥት ከተመለከቱት ሰዎች አንዱ ጊልበርት ዋይት የሚባል እንግሊዛዊ ካህን ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ዓመት አክስቱ በሞተች ጊዜ ኤሊዋን ወስዶ ሴልቦርን በምትባል መንደሩ በአትክልቱ ቦታ አኖራት። ወንድ መስላቸው ጢሞቴዎስ ይሏት ነበር፤ ሴት መሆንዋ የታወቀው ከሞተች በኋላ ቅርፊትዋ ሲመረመር ነው።

ዋይት በመጋቢት ወር ከተቀበረችበት አፈር ቈፍሮ ሲያወጣት እፍ እፍ አለች፤ እርሱም እንደ ቍጣ ቈጠረው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ኤሊ ደንግጣ ራስዋንና እግርዋን ወደ ውስጥ ስትሰበስብ በሳንባዋ ያለው አየር ተጨምቆ ይወጣል፤ የሚሰማውም ድምፅ ይኸው ነው። ቅርፊትዋም ሕያው አጥንት ስለ ሆነ ሲነኳት ይሰማታልና ልጆች በበትር እንዳይመቱት መከልከል ይገባል።

የኤሊ ደም በራሱ አይሞቅም። ስለዚህ ማለዳ አንገትዋንና እግሮችዋን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ የሞተች ትመስላለች፤ ቀትር ሲሆን ግን ጥላ ትፈልጋለች። የሴልቦርንዋ ኤሊ በመከር ጊዜ ፀሐዩ ሲደክም ቅርፊትዋን በግንብ ላይ አጋድላ ጨረሩን ትቀበል ነበር፤ ይህን ብልሃት ማንም አላስተማራትም።

በግንቦት መጨረሻ ገደማ ደግሞ ከንጋቱ በ11 ሰዓት ተነሥታ፥ በእግርዋ ጥፍር ቆማ እየሄደች፥ የአጥሩን በርና ቀዳዳ ሁሉ ትመረምር ነበር። ዋይት ይህን የተጓዳኝ ፍላጎት ነው ብሎ አሰበ። ኤሊ በአጥር ሥር ስትመላለስ ሌላም ምክንያት ይኖራል። ቦታው ጠቧት ይሆናል፤ አጥሩም የሽቦ የሆነ እንደ ሆነ ማዶውን እያየች መከልከልዋ አይገባትምና ከግርጌው ሳንቃ ቢያቆሙላት ብዙ ጊዜ ታርፋለች። ከሁሉ የሚያሠጋው ግን እንቁላል የያዘች እንደ ሆነ ነው። መብል ትታ በኋላ እግሮችዋ እዚህም እዚያም ስትጭር ብትታይ፥ ፀሐይ በሚያገኘው ስፍራ ለስላሳ አፈር በጥልቅ ይደልደልላት። የምትጥልበት ቦታ ያጣች እንቁላሉን በሆድዋ ይዛ ልትሞት ትችላለች።

ሁለት ወንዶችን በአንድ ግቢ ማኖር አይበጅም፤ በቅርፊታቸው ሲጋጩ አንዱ ሌላውን በጀርባው ይገለብጠዋል።

የሴልቦርንዋ ኤሊ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ከመሬት በታች ትተኛ ነበር። በአገራችን ቆላ የምትገኘው፥ እንደ ነብር ዝንጕርጕር የሆነችው ኤሊ ግን እንዲህ ያለ የክረምት እንቅልፍ የላትም። እርስዋ ብዙ ቀን ሳትበላ ዓይንዋን ጨፍና ብትቀመጥ፥ ተኝታለች ብሎ መተው ስሕተት ነው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰድ።