ዳገቱንስ ይወጣዋል፤ ቁልቁለቱን ማን ይይዘዋል?

ዴንቨር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በቀደም ደውላ፣ «ጋሼ፣ ለጥምቀት ስመጣ ራቭ ፎር ይዤ፣ ከኋላው ትንሽ ካምፐር አስሬ ከአዲስ አበባ ሞጣ ድረስ ብነዳ ምን ይመስልሃል?» ስትል ጠየቀችኝ። ካምፐር የምትለው አልጋና ምድጃ ያለውን ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ቤት ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቿን ይዛ ተራራ የምትወጣው በዚሁ ነው።

መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች ጠያየቅሁላት። ሹፌሩም፣ መካኒኩም፣ ዘመዱም የመለሱልኝ በጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም የሁሉም አንድ ነው፦ «ዳገቱን ይወጣዋል ወይ?» ስለ ቁልቁለቱ ያነሳልኝ ሰው አንድም አልነበረም። እኔን ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው። ትንሽ መኪና ተጎታች አስሮ በተራራ አገር ሲሄድ ከመጎተቱ ይልቅ መያዙ ይከብደዋል፤ ሰው ሕይወቱን የሚያጣውም መያዝ ሲያቅተው ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እናስታውስ። ከአዲስ አበባ እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው ደጋ ነው። ከጎሃ ጽዮን ጀምሮ መንገዱ እየተጠማዘዘ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አባይ ይወርዳል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ሌላ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ። ቢቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጡ ናቸው። በግራ የጮቄን ተራራ፣ በቀኝ የአባይን ሸለቆ ይዞ ነው የሚኬደው። ሙጋና ሱሃን የመሳሰሉ ወንዞች ከጮቄ እየወረዱ አገሩን ስለሚሰነጣጥቁት በዚያ በኩልም ቁልቁለቱና ዳገቱ አይቀርም። ስለ መንገዱ ሰላምም ከመነሳት በፊት መጠየቅ ግድ ነው።

«ትንሽ ሞተር የአባይን ዳገት አይችልም»

ይችላል። መኪናው ከነቤተሰቡና ከነሻንጣው 1,900 ኪሎ፣ ካምፐሩ 600 ኪሎ ቢመዝኑ በድምሩ 2,500 ኪሎ ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን 1,400 ሜትር ያህል ይወጣል፤ በአማካይ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ማለት ነው። ይህን ክብደት በዚያ ዳገት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይዞ ለመውጣት 32 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይፈጃል። ንፋሱና የጎማው ሰበቃ ሲጨመርበት ከ45 ብዙም አይዘልም። ከፍታው ጉልበት መቀነሱ እውነት ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደጀን ሲደርስ ከጉልበቱ ከአምስት አንዱን፣ አንዳንዴም ሩቡን ያጣል። 150 የፈረስ ጉልበት የነበረው ወደ 115 ይወርዳል። እሱም ይበቃዋል።

በዳገቱ ላይ መፈራት ያለበት ሙቀት ነው። በአባይ በረሃ ስር አየሩ ራሱ ይጋረፋል፤ ሞተሩ ይሠራል፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይት ይግላል፣ መኪናው ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ማብረጃ ንፋስ አያገኝም። ማርሽ ቀንሶ፣ ኤሲ አጥፍቶ፣ ሳይጣደፉ መውጣት ነው። የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ዳር ይዞ መቆም፣ ራዲያተሩን ግን አለመክፈት። በደጀን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሲሠራ የቆየ ሞተር ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ በላይ እየጋለም የማይፈላው ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ነው። ክዳኑን የፈታ ሰው ፊቱ ላይ ይፈላበታል።

«ፎር ዊል ድራይቭ ከሆነ ምን ይበግረዋል?»

አራቱም ጎማ መንዳቱ ጭቃ ላይ እንዳይንሸራተት ይረዳዋል እንጂ የመጎተት አቅም አይጨምርለትም። አቅሙን የሚወስኑት ሻንሲው፣ ማቀዝቀዣው፣ ፍሬኑና ካምቢዮው ናቸው፤ ቁጥሩም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለአሜሪካ ገበያ የወጣውን ራቭ ፎር እንውሰድ። መደበኛው 1,500 ፓውንድ፣ ማለትም 680 ኪሎ እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። አድቬንቸር የተባለው ዓይነት ግን በዚያው ሞተር 3,500 ፓውንድ፣ ወደ 1,590 ኪሎ ይጎትታል። የለያያቸው በዋነኛነት ማቀዝቀዣው ነው። ሱዙኪ ጂምኒን ደግሞ ተመልከቱ፤ ሻንሲው የጭነት መኪና ዓይነት፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ለጭቃና ለድንጋይ የተፈጠረ መኪና ነው። ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ካለው 1,300 ኪሎ ይፈቀድለታል፤ ፍሬን ከሌለው ግን 350 ኪሎ ብቻ።

ይህን የመጨረሻ ቁጥር ደጋግማችሁ አንብቡት። መኪናው ያው፣ ሞተሩም ያው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የ950 ኪሎ ልዩነት «ማን ይይዘዋል?» ከሚለው ጥያቄ የመጣ ነው።

«ቁልቁለት ላይ ኔትራል ነዳጅ ይቆጥባል»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህኛው ነው፤ ዛሬም እንደ ብልሃት ከሹፌር ወደ ሹፌር ይተላለፋልና። ካርቡራተር በነበረበት ዘመን ትንሽ እውነት ነበረበት። ዛሬ ያሉት ባለ ኢንጀክሽን መኪኖች ግን ማርሽ ውስጥ ሆነው እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ለሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ይዘጋሉ፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ኔትራል ሲገባ ጎማው ሞተሩን ይለቀዋል፤ ሞተሩም እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። ስለዚህ በኔትራል መውረድ ነዳጅ ያስጨምራል።

የነዳጁ ነገር ግን ትንሹ ጉዳይ ነው። ያ 2,500 ኪሎ ከጎሃ ጽዮን በር እስከ ድልድዩ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 24 ኪሎዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይወስዳል እንበል። ሰባት ምጣድ በአንድ ጊዜ ተጥዶ ግማሽ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ከመኪናው ስር ሲነድ ይታያችሁ። ከዚያ ላይ ሲሶውን ያህል ንፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ሞተሩ ካልያዘው የሚሸከመው ፍሬኑ ብቻ ነው፤ እነዚያ መዳፍ የሚያካክሉ ሸራዎች። በሌላ አቆጣጠር፣ ከደጋው እስከ ወንዙ ያለው ጠቅላላ ኃይል አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል።

ለዚህ ነው የድሮ ሹፌሮች «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት። አውቶማቲክ የሚነዱትም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። ዲ ላይ ተትቶ የሚወርድ መኪና ማርሽ ወደ ላይ እየቀያየረ ይለቃል፤ ኤል፣ 2 ወይም ቢ የሚል ካለ እሱ ላይ ማድረግ ነው፤ ያውም ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና ጎሃ ጽዮን ላይ። ፍሬኑን ደግሞ እየነካኩ መሄድ አይደለም፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ጠንከር አድርጎ ረግጦ ማውረድ፣ ከዚያ ለቅቆ ማስተንፈስ፣ እንደገና መርገጥ።

«ፍሬኑ በጠሰ»

ከዓመታት በፊት ከቢቸና ሦስት ኩንታል ጤፍ በትንሽ ተጎታች ጭኜ ከደጀን ወደ አባይ ስወርድ እግሬን ከፍሬን ላይ አላነሳሁም ነበር፤ መጠንቀቄ መስሎኝ። ድልድዩ ቁልጭ ብሎ ሲታየኝ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ መጣ። ቀጥሎ ፔዳሉ ለሰለሰ። ረገጥሁት፣ ወለሉ ድረስ ወረደ። ደግሜ ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘልኝ፤ በአንደኛ ማርሽና በእጅ ፍሬን ተጋግዤ ወደ ተራራው ጥግ አስጠጋሁት። ከኋላዬ ይወርድ የነበረ አይሱዙ ቆመ፤ ሹፌሩ ሸበት ያለ ሰው ነው፣ ወርዶ ሳይናገር ድንጋይ አንስቶ ከጎማዬ ፊት ታኮ አደረገልኝ።

«አያ፣ ፍሬኑ በጠሰ» አልሁት።

«አልበጠሰም ልጄ፤ ፈልቶ ነው» አለኝ።

ልክ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ኃይል አያስተላልፍም። ለዚህ ነው ፔዳሉ ባዶ የሚሆነው። ከበረደ በኋላ አረፋው ተመልሶ ዘይት ስለሚሆን ፍሬኑ እንደ ድሮው ይይዛል። ጋራዥ ሲወሰድም «ምንም የለውም» ይባላል፤ ባለቤቱም ያንኑ የከረመ ዘይት ይዞ በሚቀጥለው ሳምንት ይወርዳል። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ርካሽ ነው፤ በአባይ በረሃ ለሚመላለስ ሰውማ ከዚያም ባነሰ ጊዜ።

ያን ዕለት ጀሪካኔን አንስቼ የጋለው ጎማ ላይ ውሃ ልደፋ ስል ሹፌሩ እጄን ያዘኝ። ውሃ መድፋትም ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው በሌላ ቁልቁለት ላይ ነው። ሰዓቱን ጠብቆ ንፋስ እንዲያበርደው መተው እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። የእጅ ፍሬኑንም ላላ አድርጎ በታኮና በማርሽ ማቆም ይሻላል፤ የጋለ ፍሬን ጥርቅም ተደርጎ ከተያዘ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

«በረሃ ስትወርድ ጎማ አስተንፍስ»

አይደረግም። ነፋሱ ያነሰ ጎማ ጎኑ አብዝቶ ስለሚተጣጠፍ ይበልጥ ይግላል፤ ጭነት ያለበት የተጎታች ጎማ የሚፈነዳውም እንዲህ ሲሆን ነው። ከደጀን ወደ አባይ ሲወረድ የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ላይ 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ የአየሩ መሞቅ ደግሞ ያንኑ ያህል ይጨምርለታል። ሁለቱ ይጣፋሉ። ጠዋት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ መጽሐፉ ያለውን ያህል ሞልቶ መተው ነው።

«ተጎታቹ ሲወዛወዝ ነዳጅ ስጠው፣ ይስተካከላል»

ይህ ምክር ቁልቁለት ላይ ገዳይ ነው። ተጎታች የሚወዛወዘው በአብዛኛው ጭነቱ ወደ ኋላ ሲያደላና ፍጥነቱ ሲበዛ ነው፤ ነዳጅ መስጠት ያንኑ ፍጥነት ይጨምረዋል። መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ግራ ቀኝ አለመታገል፣ እግርን ከነዳጅ ላይ ማንሳት፣ ፍጥነቱ በራሱ እንዲወርድ መተው ይገባል። ዋናው መፍትሔ ግን ከመነሳት በፊት ያለው አጫጫን ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ከአክሱሉ ኋላ፣ ከተጎታቹ ጅራት ላይ ቢጫን ፊቱን ከመንጠቆው ወደ ላይ ያነሳዋል፤ የመኪናው የኋላ ጎማም መሬት መጨበጡ ይቀንሳል። ያው ኩንታል አክሱሉ ላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት ብሎ ቢቀመጥ ተጎታቹ ጭምት ይሆናል። ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ገደማው መንጠቆው ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው፤ የመኪናው መጽሐፍ ከፈቀደው ግን አይለፍ። 600 ኪሎ ለሆነው ካምፐር 60 ኪሎ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የተጎታቹን መያዣ በቤት ሚዛን ላይ ማሳረፍ በቂ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የመንጠቆው ኳስም ቢሆን በዓይን ስለተመሳሰለ ብቻ አይታመንም። የአውሮፓው 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአሜሪካ የሚመጡት ውስጥ 47.6 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ። ለትልቁ የተሠራ መያዣ ትንሹ ኳስ ላይ ይገባል፣ የተቆለፈም ይመስላል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ሊነቀል ይችላል። የአባይ በረሃ መሬት ደግሞ የሚንሸራተት ስለሆነ አስፋልቱ በየቦታው ያብጣል፣ ይሰምጣል። መጠባበቂያ ሰንሰለቶቹ ከመንጠቆው ስር ተመሳቅለው መታሰር አለባቸው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «እዚህ እኮ ከተራራው ስንወርድ ፍሬን ለከዳው መኪና የጠጠር ማምለጫ መንገድ አለ፤ እዚያስ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር አለ ብላ ተስፋ አድርጋ እንዳትወርድ ነገርኋት። ማምለጫዋ ጎሃ ጽዮን ላይ የምታስገባው ማርሽ ነው። የራሱ ፍሬን ያለው ካምፐር ካላገኘችም ካምፐሩን ትታ በመኪናው ብቻ ትምጣ፤ ቢቸናም ሞጣም ማደሪያ አይጠፋም፣ ዘመድም አለ።

ያን ዕለት በአባይ አፋፍ አንድ ሰዓት ሙሉ አብሮኝ የቆመው ሹፌር ጎማዎቼን በእጁ ጀርባ እየነካ መብረዳቸውን አየ። ፔዳሉን ራሱ ረግጦ ሞከረው። ሞተር አስነስቼ አንደኛ ማርሽ ሳስገባ፣ «ቆይ» ብሎ ጎንበስ አለና ታኮ ያደረገውን ድንጋይ አነሳ። ስንቱ ትቶት ይሄዳል፤ ማታ የሚመጣ ሌላ መኪና ይገለበጥበታል። እሱ ግን በሁለት እጁ ተሸክሞ ከአስፋልቱ አሻግሮ ከገደሉ ጠርዝ ወዲህ፣ የማንም ጎማ ከማይደርስበት ቦታ አስቀመጠው። ከዚያ እጁን አራግፎ ወደ አይሱዙው ሄደ፤ እስከ ድልድዩ ድረስም ከፊቴ ሆኖ ቀስ እያለ ወረደልኝ።