ያውቁ ኖሯል? አንድ ገበታ፣ የየራስ ምርጫ

ጓደኛሞች ተሰባስበው ሊጡ ላይ የሚደረገውን እያንዳንዱ በራሱ የሚመርጥበት ፒዛ ቤት በብዙ የዓለም ከተሞች ተለምዷል። በደቡብ ጎንደር ያሉት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴም ምርጫና ጓደኝነት በአንድ ትሪ የሚገናኙበት የቆየ ገበታ አላቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው።

1. ደንበኛው መደርደሪያው ፊት ቆሞ «ይኼ ይጨመርልኝ፣ ያኛው ይቅር» እያለ ፒዛውን የሚያሠራበት ዘዴ ገና ወጣት ነው። ይህን አሠራር ካስፋፉት አንዱ የሆነው ሞድ ፒዛ አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ውስጥ የተከፈተው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው።

2. ፒዛ ሃት አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከተሜው ግን ፒዛን የለመደው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ጣሊያኖችና የእነሱን ሙያ የወረሱ ኢትዮጵያውያን በከፈቷቸው ምግብ ቤቶች ነው።

3. አይብ የሌለው የጾም ፒዛ የአዲስ አበባ ብልሃት ብቻ አይደለም። ማሪናራ የሚባለው ጥንታዊ የናፖሊ ፒዛ የሚሠራው ከቲማቲም፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኦሬጋኖና ከዘይት ነው። አይብም ሥጋም ዓሣም የለበትም። ረቡዕና ዓርብ ሊቀርብ ይችላል ማለት ነው።

4. ዐቢይ ጾም 55፣ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ነቢያትና ሌሎቹም ሲደመሩ ዓመቱን በሙሉ የሚጾም ምእመን ግማሽ ዓመትና ከዚያም በላይ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ያሳልፋል። የበየዓይነቱ ብዛት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ድንቹ በአንድ እንጀራ ላይ ተደርድረው ሁሉም የወደደውን ይጠቀልላል።

5. የፒዛ ሊጥ የሚለጠጠው ስንዴ ውስጥ ባለው ግሉተን ነው፤ አየሩን አፍኖ ይይዘዋል። ጤፍ ይህ ግሉተን የለውም። ስለዚህ ከቡኮው የሚወጣው አየር ምጣዱ ላይ እየፈነዳ ያመልጥና ቀዳዳውን ትቶ ይሄዳል። የእንጀራ ዓይን የሚባለው ይኸው ነው። ወጡን የሚይዘውም እሱ ነው።

6. የናፖሊ ፒዛ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በጋለ የእንጨት ምድጃ ውስጥ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ይበስላል፤ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመታዋል። እንጀራ እሳት የሚያገኘው ከታች ብቻ ነው። ላዩን የሚያበስለው አክንባሎው ያፈነው እንፋሎት ነው።

7. እንጀራ ምጣዱን እንዳይዝ ባለሙያዋ በተወቀጠ ጎመን ዘር ታሰሰዋለች። ዘሩ ጥቂት ዘይት ይለቅና የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል። የማሰሻው ጨርቅ በምጣዱ ላይ ሲሽከረከር የሚወጣውን ሽታ በዚያ ቤት ያደገ ሰው ከሩቅ ይለየዋል።

8. የኛ አይብ ፒዛ ላይ ቢበተን አይቀልጥም። አሬራው በራሱ ኮምጣጣነትና በእሳት ሙቀት ስለሚረጋ፣ ቢሞቅ ይደርቃል እንጂ አይሳብም። ሞዛሬላ ግን ርኔት በሚባል ወተት አርጊ ኢንዛይም የሚረጋ፣ በሙቅ ውኃ እየተሳበ የሚታሽ አይብ ስለሆነ ይቀልጣል፣ እንደ ክርም ይመዘዛል። አይብ ለሚወድ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፒዛው ከምድጃ ከወጣ በኋላ መነስነስ።

9. የፒዛው ቲማቲም፣ የወጡ በርበሬ እና የጋይንት ድንች የአንድ ተክል ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሦስቱም የመጡት ከአሜሪካ አህጉር ነው። ከ500 ዓመት በፊት ናፖሊ ቲማቲም፣ በጌምድርም ቃሪያና በርበሬ አያውቁም ነበር።

10. ድንችን ወደ ኢትዮጵያ በማስገባት ስሙ የሚነሳው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ነው፤ ዘመኑም 1858 እ.ኤ.አ. ገደማ። ዛሬ በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉ ደጋዎች ድንች ከገብስ ጋር የቤቱ ምሰሶ ሆኗል። ተቀቅሎ፣ ልጣጩ በእጅ ተገፎ፣ በአዋዜ ሲበላ ሌላ ማጀቢያ አይፈልግም።

11. ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጉና ተራራ በስማዳ ደቡብ እስካለው የዓባይ ሸለቆ ድረስ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ይፈራረቃሉ። ገብስና ባቄላ ከላይ፣ ጤፍና ስንዴ ከመሐል፣ ማሽላ ከታች ይበቅላል። እነዚህ ሁሉ በገበያ ቀን ሲገናኙ ለምርጫ የሚያንሱ አይደሉም።

12. የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላና አተር ለመብሰል ከባሕር ዳሩ የበለጠ ጊዜና እንጨት ይፈጃሉ። ቆልቶ፣ ከክቶና ፈጭቶ ሽሮ ማድረግ ማገዶ ቆጣቢ ሙያ ነው።

13. በዚያው ከፍታ የስንዴ ሊጥ በፍጥነት ይነፋል፣ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ። ነፋስ መውጫ ላይ ፒዛ ለመጋገር የሚያስብ ወጣት እርሾውን ቀነስ፣ ውኃውን ጨመር ማድረግ ይኖርበታል።

14. የሰሜኑ የጾም ገበታ የራሱ ማባያ አለው። ስልጆ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውኃ ተሠርቶ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት ይብላላል። ጎምዘዝ ብሎ አፍንጫ የሚያነቃ ነው።

15. ዓሣ የማይበላበት የጾም ቀን «ዓሣ» የሚቀርብበት መንገድም አለ። የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ ወጥ ውስጥ ይገባል።

16. በደቡብ ጎንደርና በጎጃም የሚዘራው ግብጦ ከነመራራነቱ አይበላም። ተቆልቶ ለቀናት ውኃው እየተለወጠ ወይም ወራጅ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ምሬቱ ከወጣ በኋላ ግን ለጨዋታ የሚሆን ቁርስ ይሆናል።

17. ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም በ1955 እ.ኤ.አ. ጋይንት ደርሶ፣ በክብ የሣር ጣሪያ ሥር ተሸፍኖ የኖረውን ጥንታዊ የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን አይቶ ለውጭው ዓለም አስተዋወቀ። አገሬው ግን ቤተልሔምን ከዚያም በፊት ያውቃታል፤ የድጓ ዜማ ሊቃውንት ማስመስከሪያ ናት።

18. እዚያ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ምሳ ከየትኛውም ምግብ ቤት በላይ የተቀላቀለ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ከአንዱ ቤት የገብስ እንጀራ፣ ከሌላው የጤፍ ቁራሽ፣ ከሦስተኛው የማሽላ ቂጣ ወይም እፍኝ ቆሎ ይሰጠዋል። ማታ ጎጆው ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር አኮፋዳቸውን ይዘረግፋሉ። ጥቂት ያገኘው ብዙ ካገኘው ጋር እኩል ይበላል፤ የተረፈውም ፀሐይ ላይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፣ ለክፉ ቀን።

19. በየወሩ በሚሰበሰበው የጽዋ ማኅበር ላይ የምግብ ዝርዝር የሚያቀርብ አስተናጋጅ የለም፤ ተረኛው ደጋሽ በየወሩ ይቀየራል። ጽዋውን የተቀበለ አባል የሚቀጥለውን ወር ይደግሳል። ዛሬ የተጋበዘ ነገ ጋባዥ ነው፤ ሒሳብ ማን ይክፈል የሚባል ክርክር እዚህ አይነሳም።

20. ዩኔስኮ በ2017 እ.ኤ.አ. በቅርስነት የመዘገበው ፒዛውን ሳይሆን የናፖሊ ፒዛ ጋጋሪዎችን ጥበብ ነው። ሊጡን የሚያሽከረክረው እጅና ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ሙያ ክብር ተሰጠው። ቡኮውን አብሲት ጥላ የምታነሳ፣ ምጣዱን በእጇ መዳፍ የምትለካ የእስቴ እናት ሙያም ከዚያ አያንስም። እሱንም ጠይቆ መማር፣ መጻፍና ለልጅ ማስተላለፍ የኛ ድርሻ ነው።

ፒዛ ቤት ስትሄዱ ደስ የሚለው እያንዳንዱ የልቡን ማዘዙ ነው። የሚያጎድለው ደግሞ ሁሉም በየሳህኑ መወሰኑ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ አንድ ትልቅ ፒዛ እዘዙ፤ አንዱ ጥግ የጾም፣ አንዱ የፍስክ፣ አንዱ ቃሪያ የበዛበት ይሁን። የመጀመሪያውንም ቁራሽ ራሳችሁ ከመብላታችሁ በፊት አጠገባችሁ ላለው ጓደኛ አጉርሱት።